ዘበኛ ለመሆን ነው እንዴ የተማርነው?

ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ በመኝታ ቤታችን ደጃፍ ተቀምጠን ስንጫወት፣ ከጓደኞቼ አንዱ ከእንግሊዝ አገር የተሰማ ወሬ አወራን። ካንተርበሪ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ደን ውስጥ የዱር አራዊት የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይፈለጋሉ ተብሎ ማስታወቂያ ቢወጣ፣ ለሁለቱ ቦታ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሰው አመለከተ አለን። ሁላችንም ሳቅን። «ለሁለት ዘበኛ አንድ ሺህ ሰው! እዚያም ሥራ ጠፍቷል ማለት ነው» አለ አንዱ። «የኛስ ቤተ ሰብ ዘበኛ እንድንሆን ነው እንዴ ያስተማረን?» አለ ሌላው። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ሌሊት ግን ሳቁ አልዋጥ አለኝ። እኔ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። ከደብረ ታቦር ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ የጉናን ተራራ ትከሻ ታክኮ ያልፋል፤ የእናቴም ወገኖች የሚያርሱት ከጉና ግርጌ ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እዚያ በሄድሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ፣ መልስ አጥቼ ዝም ብዬ ተመልሼ ነበር። የጓደኛዬ ወሬ ያን ጥያቄ ቀሰቀሰብኝ። ጥያቄውን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን የሳቅንበትን ነገር ከውድ አንባቢዎቼ ጋር ልመርምረው።

እነዚያ ሁለት ሰዎች እንዲጠብቁት የተቀጠሩለት አውሬ ባይሰን ይባላል። ከቀንድ ከብት ወገን የሆነ፣ ትከሻው ጉብ ያለ፣ ጠጉሩ የተንጨፈረረ ግዙፍ የዱር እንስሳ ነው። ቀድሞ በአውሮፓ ደኖች በብዛት ይኖር ነበር፤ ነገር ግን ደኑ እየታረሰ፣ እንስሳውም እየታደነ ሄዶ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን የተራበ ወታደርና አዳኝ ፈጀው። በፖላንድ ድንበር በቢያዎቬዣ ደን የነበረው የመጨረሻው የዱር ባይሰን እ.ኤ.አ. በ1919፣ በካውካሰስ ተራሮች የነበረው ደግሞ በ1927 ተገደለ። በዚያን ጊዜ የቀሩት በየአራዊት ማቆያው የተዘጉ ከ60 የማይበልጡ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁሉ ከ12 እንስሶች ብቻ የተራቡ ናቸው።

የአውሮፓ ሰዎች ይህን ካዩ በኋላ እያንዳንዱን ጥጃ በመዝገብ እየጻፉ አረቧቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ወደ ቢያዎቬዣ ደን መልሰው ይለቋቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2019 በተቆጠሩ ጊዜ በነፃነት በየደኑ የሚኖሩት ከ6,000 በልጠው ተገኙ። ይህ ሁሉ በመዝገብና በአዋጅ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በበረዶ ውስጥ ቆሞ የቆጠረ፣ የታመመውን የለየ፣ አዳኙን የተከታተለ ጠባቂ ነበረበት።

እንግሊዞች ደግሞ ባይሰኖቹን ወደ ካንተርበሪው ደን ያስገቡት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022፣ ማለትም በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ሦስት ሴቶች ተለቀቁ፤ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ወይፈን ተጨመረላቸው። ምክንያታቸውም አውሬውን ለማየት ብቻ አልነበረም። ደኑ ለጣውላ በተተከሉ ዛፎች ተጣቦ ብርሃን የማይገባበት ሆኖ ነበር። ባይሰን የዛፍ ቅርፊት ይልጣል፣ ቀጫጭኑን ዛፍ ገፍቶ ይጥላል፣ በአፈር ላይ እየተንከባለለ ሜዳ ይከፍታል፤ በተከፈተውም ብርሃን ሣርና አበባ ይበቅላል፣ ከወደቀው ግንድም ተባይና ወፍ ይኖራል። ሰው በመጋዝና በመኪና ሊሠራው ያሰበውን ሥራ ለአውሬ ሰጡት ማለት ነው።

እንግዲህ የጠባቂዎቹ ሥራ ምንድን ነው? አጥሩን መዞር ነው፤ እንስሶቹን አንድ በአንድ በመልካቸውና በጠባያቸው ማወቅ ነው፤ በልተው እንደሆነ፣ ታመው እንደሆነ፣ እበታቸው እንኳ እንዴት እንዳለ ማየት ነው፤ በደኑ የሚያልፈውን ሰው ማነጋገር፣ የሚፈራውን ማስረዳት፣ የሚጠይቀውን መመለስ ነው። ከተለቀቁ ሁለት ወር ያህል እንደ ሆናቸው ከሦስቱ አንዲቱ ሳይታሰብ ወለደች። ባይሰን እርግዝናዋን ስለምትሸሽግ በየቀኑ የሚያዩዋት ጠባቂዎች እንኳ አላወቁም ነበር። ይህን ስሰማ፣ ሥራው የማየት ትምህርት ነው፣ ያውም ማለቂያ የሌለው ትምህርት ነው ብዬ አሰብሁ። ይልቁንም የገረመኝ፣ ከተመረጡት ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ሙያውን የተማረው በደቡባዊ አፍሪካ ከአራዊት ጋር ብዙ ዓመት ሠርቶ መሆኑ ነው። የአፍሪካ ጠባቂ ያካበተው ዕውቀት እንግሊዝ አገር ሲደርስ ለሺህ ሰው የሚያስመኝ ሙያ ሆነ፤ እዚህ እኛ ዘንድ ግን ዘበኝነት ተብሎ ይሳቅበታል።

የሳቃችን ሥር ቃሉ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዘበኛ ስንል በበር ላይ ቆሞ ገቢ ወጪውን የሚከለክል ሰው ይታየናል። የአራዊት ጠባቂም እንዲሁ፣ ለአውሬ ብሎ ሰውን የሚከለክል ባለ ጠመንጃ ይመስለናል። ሥራው በእውነት ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቁ ተገቢ በሆነ ነበር። ነገር ግን ይህ አስተያየት ከውጭም ከአገራችንም ታሪክ ጋር አይስማማም።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ያለውን የጓሳ ምድር እንውሰድ። ይህ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ የውርጭ አገር በሕዝቡ ሥርዓት መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ሥርዓቱ ቀሮ ይባል ነበር። የአካባቢው ባለ ርስቶች ጠባቂያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ጓሳው ደርሶ እስኪታጨድ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ቢፈጅ ከብት እንዳይገባበት፣ ማጭድ እንዳይነካው ይጠበቃል፤ በደረሰ ጊዜ በአዋጅ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ የሚሆነውን ያጭዳል። ለሰው ተብሎ በተጠበቀው በዚያ ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም ተጠበቁ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቀሮውም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ለጊዜው ጌታ አልባ ሆነ። በኋላ ገበሬዎቹ እንደገና በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን አስቀጠሉት። ዛሬም በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

በዚያ በጓሳ አጥኝዎች ያዩት አንድ ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በግጦሽ ላይ ባለ የጭላዳ መንጋ መካከል እየተራመደ አይጥ ያድናል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ካደነው በመቶ 67 ያህል ጊዜ ሲቀናው ብቻውን ሲያድን የሚቀናው ግን በመቶ 25 ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ የተፈለገው መሣሪያ ትዕግሥት ነው፤ ከመንጋው ኋላ ቀን ከቀን መከተል ነው። በየተራራው ከብት ሲጠብቅ ያደገ ስንት የአገራችን እረኛ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ይሆን? ይሁን እንጂ ያየውን የሚጠይቀው፣ የነገረውንም የሚጽፍለት ሰው አላገኘም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስሜን ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ የሠራው ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነበር። ሁለት ዓመት ከአገሩ ልጆች ጠባቂዎች ጋር ከገደል ገደል ሲዞር ኖሮ ሄደ፤ ስለ ስሜንም መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ በጃፓን አገር በናጋኖ አውራጃ ተቀምጦ፣ የተመናመነ የጫካ መሬት እየገዛ ዛፉን ሲያክም፣ ወንዙን ሲመልስ እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪሞት ድረስ ኖረ። የእኛን ተራራ በመጠበቅ የጀመረ ሰው የሌላ አገር ደን በማዳን ፈጸመ። እኛ በስሜን ከሱ ጋር የሠሩትን ስካውቶች ስም እንኳ አናውቅም፤ በአንድም የትምህርት ክፍል ስማቸው ሲጠራ አልሰማሁም።

ስሜን ሌላም ትምህርት አለው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ናቸው ከሚባሉት ቅርሶች ጋር ተጻፈ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ በ2008 ዓ.ም. በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ መሄዳቸው ነው። ሣሩ በርግጥ አገገመ። ይሁን እንጂ ከ800 በላይ ደርሶ የነበረው የዋልያ ቁጥር በቅርብ ዓመታት ወደ 300 አካባቢ ወርዷል ሲባል ሰምተናል። ሕግ ነበረ፣ የዓለም ስም ነበረ፣ ሰውም ከመሬቱ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን ጦርነት ሲመጣና ጠባቂው በሰላም መዞር ሲያቅተው ስሙ ብቻውን ዋልያን አላዳነም። ከዚህ የምረዳው፣ ተራራ የሚጠበቀው በዙሪያው ያለው ሰው ጠባቂውን የኔ ነው ሲለው መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ጉና ልመለስ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ከሱ ይነሣሉ፤ ወርደውም የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ። በፎገራ ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ ሳያውቀው የሚኖረው በጉና ጓሳ ነው፤ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው ያ የተጠላለፈ ሣርና የአስታው ሥር ነውና። ጫፉ ላይ ጅብራ ቆሞበታል፤ በገደሉ ጭላዳ ያድርበታል። ቀይ ቀበሮም ነበረበት። ዛሬ ግን ከጉና ጠፍቷል ተብሎ በአጥኝዎች ተመዝግቧል። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ጎልማሶች ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከዓለምም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም። ጉና ዛሬ በስሙ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ስሙ ግን ከብቱንም ማረሻውንም አላቆመም፤ ገብሱና ድንቹ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል።

ገበሬው ወደ ላይ የሚያርሰው በክፋት አይደለም። ላይ ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት እርዳታ ሲደገፉ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። ወላጆቻችን የ1977ቱን ራብ ያስታውሳሉ። መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል የጥማድ ቁራሽ ሆኗል። በዚህ ግቢ ውስጥ በፈተና ወረቀት ላይ «ገበሬው ደኑን አወደመ» ብለን የምንጽፍ ሁሉ፣ በዚያ ደን ፋንታ በተዘራው ገብስ ያደግን መሆናችንን ልንረሳ አይገባም። እኔ ለትምህርቴ የተሸጠው በሬ የጉናን ሣር የጋጠ በሬ ነው።

ሽማግሌው የጠየቁኝም በዚህ ላይ ነው። በጎቻቸው ወደ ተከለለው ሣር ገብተው ተይዘውባቸው ነበር። እኔ የባዮሎጂ ተማሪ መሆኔን ሰምተው፣ ስለ ተራራው ጥቅም የምነግራቸውን በትዕግሥት ሲያዳምጡ ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ተራራው ቢጠበቅ እኔም ደስ ይለኛል፤ ምንጩ የኔ ነው። ነገር ግን በጌ ሣሩን ስትነጭ ጠባቂው ከየትም ይመጣል። ጭላዳው ገብሴን ሲገሸልጥስ ጠባቂው የት ነው? ይህ ሰው የሚጠብቀው እኔን ነው ወይስ ከኔ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በአራት ዓመት ትምህርቴ ስለ ጭላዳ ሣር በላተኛነት፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ መንጋው አደረጃጀት ተምሬአለሁ፤ የጭላዳና የገብስ ነገር ግን በአንድም መጽሐፍ አልተነገረኝም። ዛሬ መልሱ ያለኝ ይመስለኛል፤ የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። በሁለቱም ወገን የማይጠብቅ ጠባቂ ጠባቂ አይደለም። ሣሩን ከበጉ የሚጠብቅ ሰው ገብሱንም ከጭላዳው መጠበቅ አለበት። ቀበሮውን ከሰው የሚጠብቅ ሰው የሰውን ውሻ ማስከተብ አለበት፤ በባሌ ተራሮች ደጋግሞ ቀበሮዎቹን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና፣ ያው በሽታ የገበሬውንም ልጅ ይገድላል። መከልከያውን የሚያውቅ ሰው የማጨጃውን ቀንም ማወጅ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ዕውቀት ያስፈልገዋል፤ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም በላይ የጎረቤት አመኔታ ያስፈልገዋል። ይህ ሥራ የተማረ ሰው የሚያፍርበት ሳይሆን፣ የተማረ ሰው ብቁ መሆኑን ገና ማስመስከር ያለበት ሥራ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። ሦስቱን በተራ ልመልስ።

መጀመሪያው «ደመወዙስ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እኔ የቤታችን የበኵር ልጅ ነኝ። ይህን ሐሳቤን ለእናቴ በስልክ ብነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አሥራ ስድስት ዓመት ተምረህ ዝንጀሮ ጥበቃ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሁለት እኅቶች ለትምህርት ተራቸውን ይጠብቃሉና አልፈርድባትም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ካቻምና የተመረቁት ጓደኞቻችን ስንቱ በንፋስ መውጫ አደባባይ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ይውላል? እኛ የምንንቀው ሥራ ደመወዙ ያነሰው ስለ ተናቀም ነው። የተማረው ክፍል አንድን ሥራ የኔ ነው ብሎ ካልተሟገተለት ማን ይሟገትለታል? በቂ ደመወዝ፣ ጫማና ካፖርት፣ የሕክምናና የጡረታ መብት ለጠባቂው እንዲሰጥ መጠየቅ የማኅበራችን ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው «ሰው በተራበበት አገር ስለ አውሬ ማውራት የጥጋበኛ ወሬ ነው» የሚለው ነው። ይህ ቃል ለገበሬው ተቆርቋሪ ይመስላል፤ ለብቻው ሲታይም ትክክል ነው። ነገር ግን የጉና ምንጭ ሲደርቅ አስቀድሞ የሚጠማው ማን ነው? ሣሩ ተነቅሎ አፈሩ ሲታጠብ የሚራበው ማን ነው? የመንዝ ገበሬ ጓሳውን የጠበቀው ጠግቦ አልነበረም፤ እንዳይቸገር ብሎ ነው። ባይሰንን ያጠፋው ራብና ጦርነት ነው፤ ያዳነውም ከጦርነቱ በኋላ በድኽነት ላይ የነበረ የፖላንድ ሕዝብ ነው። ስለዚህ የሰውና የአውሬውን ነገር በሁለት ሚዛን ከፍሎ መመዘን ጉናን ለማያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር አይመችም።

ሦስተኛውና ከባዱ የሰላም ነገር ነው። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ላይ ያደረሰውን የማያስታውስ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን እንደገና ጥይት ጮኋል። በእንዲህ ያለ ዘመን መለዮ ለብሶና ጠመንጃ አንግቶ በተራራ ላይ ብቻውን የሚዞር ሰው ለራሱም አደጋ ላይ ነው፤ ይህን ሸሽጌ ማንንም ወደ ጉና አልጠራም። የኔ እምነት ግን ችግሩ ራሱ መፍትሔውን ያመለክታል የሚል ነው። በጠመንጃው የሚፈራ ጠባቂ ጠመንጃ በበዛበት ቀን ዋጋ የለውም። በስሙ የሚታወቅ፣ በየሰንበቴው ጽዋ የሚጠጣ፣ ገብሱን ሲጠብቅ የታየ ሰው ግን በክፉ ቀን እንኳ የሚሸሽገው ቤት አያጣም። የድሮዎቹ የመንዝ ጠባቂዎች ኃይላቸው ይኸው ነበር። ወደ ተራራው የምንሄደውም መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢው ሽማግሌዎች ሲነግሩን ብቻ መሆን አለበት።

እንግዲህ ነገር ከማብዛት ይልቅ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በመጪው ክረምት ማኅበራችን ፈቃደኛ ተማሪዎችን፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ ከጉና ጠባቂዎች ጋር ለአንድ ወር እንዲሠሩ ይላክ። በየክረምቱ ለአንድ ቀን ወጥተን ችግኝ ተክለን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን፤ ችግኙ ይጽደቅ አይጽደቅ ተመልሶ ያየ የለም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው አገራቸውን ያገለግሉ ነበር። ብዙዎቹ ገበሬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። እነሱ ዓመት ከሰጡ እኛ ወር አንሰጥምን?

ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የምንጽፍ ሁሉ ርእሳችንን ከዚያ እንምረጥ። የባዮሎጂ ተማሪ ጭላዳው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት ወደ ገብስ እንደሚወርድ ይመዝግብ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ውሾቹን ይቁጠርና ያስከትብ። የሕግ ተማሪ ለተበላ ገብስ ካሣ የሚገኝበትን መንገድ ይመርምር። የጂኦግራፊ ተማሪ ምንጮቹን ይለካ። የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ተጠርዞ ለቤተ መጻሕፍት አቧራ ከመሰጠቱ በፊት በአማርኛ በቀበሌው ስብሰባ ይነበብ፤ ገበሬውም ስሕተቱን ያርመው።

ሦስተኛ፣ የጠባቂነቱ ቦታ በቁጥርም በደረጃም ከፍ እንዲል፣ ሰዎቹም በተራራው ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በሕዝቡ እንዲመረጡ ማኅበራችን ለሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች በጽሑፍ ይጠይቅ። ከተመረጡት እኩሌቶቹ የተማሩ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ፊደል ባይቆጥሩም ተራራውን የሚያውቁ ይሁኑ። የተማረውም በመጀመሪያው ዓመት ካልተማረው ሥር ሆኖ ይሥራ። ይህ ለአንዳንዶቻችን ውርደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጭላዳን መንጋ በድምፁ የሚለይ፣ ጉም ሲወርድ መንገድ የማይስት እረኛ ለዚህ ሥራ መምህራችን ነው፤ እኛ ለሱ የምናበድረው ጽሕፈትና ቁጥር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው አንድ ሙሉ ጠባቂ የሚገኘው።

በእንግሊዝ አገር አንድ ሺህ ሰው የተመኘው ሥራ ለዘመናት ጠፍቶ የነበረን አውሬ ከሌላ አገር አምጥቶ መጠበቅ ነው። እነሱ የጠፋባቸውን ለመመለስ የሚደክሙትን ያህል እኛ ያለንን ለማቆየት ብንደክም በቂያችን ነበር። ቀይ ቀበሮ ከጉና ሲጠፋ የእኔ ትውልድ ሕፃን ነበር፤ ጭላዳው ቢጠፋ ግን ምክንያት የለንም።

ያን ቀን በመኝታ ቤቱ ደጃፍ የሳቅነው ስድስት ነበርን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሐሳባቸውን እንደ ለወጡ ነግረውኛል፤ ሌሎቹ አሁንም ይስቃሉ፣ ወዳጅነታችን ግን እንዳለ ነው። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጠናል። ለክረምቱ ወደ ጉና ለመሄድ የሚፈልግ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ይጽፍበታል። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ከሥሩ ገና ብዙ ባዶ መስመር አለ። ያን ሽማግሌ በክረምቱ ሳገኛቸው፣ ለጥያቄያቸው መልስ በቃል ሳይሆን ገብሳቸው ዳር ቆሜ ልሰጣቸው አስቤአለሁ።